ሰማያዊው ስም በቅጥረኛ ክንፍ ላይ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገሬው ሰው። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ለሠራው አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ለባሕር ማዶ ገበያ ስም ያወጣለት ግን መልአክ ሳይሆን ነጋዴ ነው። ጨዋታው በትውልድ አገሩ «ኤሪያ 88» ይባላል። ከጃፓን ውጭ ሲሸጥ «ዩኤን ስኳድሮን» ተባለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ስኳድሮን ማለት ነው። ጀግኖቹ በጣሉት ግዳይ ልክ እየተከፈላቸው የሚዋጉ ቅጥረኛ አብራሪዎች ናቸው። ቅጥረኝነትን በውሳኔዎቹ ያወገዘው፣ ቅጥረኞችን በኮንጎ ምድርና ሰማይ የተፋለመው ዓለም አቀፍ ድርጅት ስሙ ተወስዶ በቅጥረኞች ክንፍ ላይ ተለጠፈ። ይህን እንደ ተራ የንግድ ምልክት ለውጥ ቆጥሮ ማለፍ ስሕተት ነው። የአንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ይዘት እንዴት እንደሚገፈፍ፣ የተገፈፈውም ሥራ ባዶነቱን ለመሸፈን እንዴት የሌላውን ክብር እንደሚዋስ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በቅድሚያ ለሥራው የሚገባውን መስጠት ተገቢ ነው። «ኤሪያ 88» መጀመሪያ የቀረበው ሳንቲም እየተጨመረበት በሚሠራ ማሽን ነው፤ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው ሊጫወቱት ይችላሉ። በ1991 ደግሞ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ለሚያያዘው የኒንቴንዶ መጫወቻ ተዘጋጀ። ተጫዋቹ ተዋጊ ጄቱን ከጎን ያየዋል፤ ጄቱ አፍንጫውን ወደ ቀኝ አድርጎ ይከንፋል፤ ደመናው፣ ተራራውና በረሃው ወደ ግራ ይሸሻሉ። የቅርቡ ፈጥኖ፣ የሩቁ ዘግይቶ እንዲያልፍ በመደረጉ ጠፍጣፋው መስታወት ጥልቀት ያለው ይመስላል። ሦስት አብራሪዎች ለምርጫ ይቀርባሉ፤ ጃፓናዊው ሺን ካዛማ፣ ሚኪ ሳይመንና ግሬግ ጌትስ። በሳንቲሙ ማሽን ላይ የመጀመሪያው ኤፍ-20፣ ሁለተኛው ኤፍ-14፣ ሦስተኛው ኤ-10 ያበራሉ። ሥዕሉ ጥንቁቅ፣ ሙዚቃው ስሜት ቀስቃሽ ነው። ይህን ያህል ሙያ የፈሰሰበትን ሥራ የልጆች ማታለያ ነው ብሎ ማጣጣል ትችት ሊሆን አይችልም። ይልቁንም ሙያው ከፍ ያለ በመሆኑ ጥያቄው ይከብዳል፤ ይህ ሁሉ ሙያ ለምን ዓላማ ዋለ?

መልሱን ለማግኘት ጨዋታው ወደ ተቀዳበት ምንጭ መመለስ ያስፈልጋል። «ኤሪያ 88» ከጨዋታው አስቀድሞ ካኦሩ ሺንታኒ የተባለው ሠዓሊ ከ1979 እስከ 1986 በተከታታይ ያወጣው፣ ጃፓኖች ማንጋ የሚሉት ሥዕላዊ ልቦለድ ነው። ሺን ካዛማ የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ ለመሆን የሚሠለጥን ወጣት ነው። ሳቶሩ ካንዛኪ የተባለ የልብ ወዳጁ በስካር መንፈስ አንድ ወረቀት ላይ ያስፈርመዋል። ወረቀቱ በእርስ በርስ ጦርነት በምትታመስ አስላን በምትባል ምናባዊ የመካከለኛው ምሥራቅ መንግሥት ውስጥ ቅጥረኛ ሆኖ ለመዋጋት የተገባ ውል ነው። ከዚያ የበረሃ ጦር ሰፈር የሚወጣበት መንገድ ሦስት ብቻ ነው። 3 ዓመት ማገልገል፣ ወይም 1.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ውሉን ማፍረስ፣ ወይም ከድቶ በሞት መቀጣት። ገንዘቡ የሚገኘው ደግሞ የሰው አውሮፕላን በመጣል ነው። አውሮፕላኑንም፣ ጥይቱንም ከራሱ ኪስ መግዛት አለበት። ማኮይ የሚባለው የጦር መሣሪያ ነጋዴ ለገዛው ሁሉ ይሸጣል። እንግዲህ ወጣቱ ነጻነቱን ለመግዛት ይገድላል፤ ለመግደል ይገዛል፤ በገዛ ቁጥር ነጻነቱ ይርቀዋል። በእያንዳንዱ ግዳይ ከሒሳቡ ላይ ጥቂት ዶላር ሲጨመር ከሰውነቱ ላይ አንድ ነገር ይቀነሳል።

ይህ የልቦለዱ ፍሬ ነገር ነው። ሺንታኒ ተዋጊ አውሮፕላኖችን በፍቅር ቢስልም ዓይኑን ከሒሳብ መዝገቡ ላይ አላነሣም። በታሪኩ ውስጥ ፕሮጀክት 4 የሚባለው ኃይል የጦር መሣሪያ ነጋዴዎች ሤራ ነው፤ አስላንን ጦርነት የማይነጥፍባት እርሻ ሊያደርጋት ይፈልጋል። ደራሲው ከርዕዮተ ዓለም አንጻር ምንም ይሁን ምን፣ ስለ ዘመናዊ ጦርነት አንድ እውነት ጨብጧል፤ ጦርነት ለአንዱ ሞት፣ ለሌላው ገበያ መሆኑን።

ጨዋታው ከዚህ ሁሉ ምን ወሰደ? ሱቁን ወሰደ። በየውጊያው መካከል ማኮይ ከነመደርደሪያው ይቀርባል፤ ተጫዋቹ በጣላቸው አውሮፕላኖችና ታንኮች ልክ በተከፈለው ገንዘብ ሚሳይልና ቦምብ ይሸምታል። ውሉን ግን ተወው። ተጫዋቹ የቱንም ያህል ቢያጠራቅም 1.5 ሚሊዮን ዶላር ቆጥሮ አስረክቦ «ከእንግዲህ አልገድልም» የሚልበት ቦታ የለም። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ይውላል፤ ተጨማሪ መሣሪያ ለመግዛት። በ1991ዱ የቤት ውስጥ ጨዋታ የመጨረሻው ውድ አውሮፕላን ዋጋ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። የሁለቱን ዋጋዎች ትርጉም ማነጻጸር ይበቃል። በልቦለዱ ገንዘብ የሚጠራቀመው ከጦርነት ለመውጣት ነው፤ በጨዋታው የሚጠራቀመው ወደ ጦርነት ይበልጥ ለመግባት ነው። ያው ነጋዴ፣ ያው ሱቅ፣ ያው አብራሪ ሳይለወጡ ትርጉሙ ተገለበጠ። ጠላት ተብሎ የሚጠቀሰው እዚህም ፕሮጀክት 4 መሆኑ ምጸቱን ያጎላዋል። ተጫዋቹ የጦር መሣሪያ ነጋዴዎችን የሚያሸንፈው የአንድ የጦር መሣሪያ ነጋዴ የዘወትር ደንበኛ በመሆን ነው።

ቅርጹም ለዚህ ግልበጣ ተባባሪ ነው። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ውስጥ መስታወቱ በራሱ ወደ ፊት ይጓዛል። ተጫዋቹ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሊል ይችላል እንጂ ጉዞውን ማስቆም፣ ተመልሶ የመታውን ማየት አይችልም። የተመታው ነገር ይፈነዳል፤ ወዲያውም በግራ ጠርዝ በኩል ይሰወራል። ምድሪቱ ከመስታወቱ ግርጌ የምታልፍ ቀጭን ንጣፍ ናት። በላይዋ ታንክ አለ፣ መድፍ አለ፣ ምሽግ አለ፤ እርሻውን ጥሎ የሚሸሽ ገበሬ፣ ልጅዋን ያዘለች እናት የሉም። ይህ የዘመኑ መሣሪያ አቅም ማነስ ብቻ ነው ሊባል አይችልም። ባለሙያዎቹ የሚሳይሉን ጭስና የደመናውን ጥላ ለመሣል አቅም አላነሳቸውም። የሚታየውና የማይታየው የተመረጠ ነው፤ ምርጫ ባለበት ሁሉ ደግሞ አመለካከት አለ።

ከዚህ በኋላ የስሙ ጉዳይ ይመጣል። ልቦለዱ በ1987 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በአሜሪካ ለንባብ በቅቶ ስለነበር «ኤሪያ 88» የሚለው አርእስት እዚያም ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም። ሆኖም ኩባንያው ጨዋታውን ለውጭ ገበያ ሲያቀርብ ሌላ ስም መረጠ። አብራሪዎቹ፣ ሱቁና የግዳይ ክፍያው እንዳሉ ቀሩ። የበረሃው ጦር ሰፈር ስም ተፍቆ በምትኩ የዓለም ሕዝቦች የጋራ ድርጅት ስም ተተከለ። ቅጥረኛው ሥራውንና ጌታውን ሳይለውጥ የሰላም አስከባሪ ልብስ ለበሰ። ይህም ሆኖ የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ ገና በ1946 ባሳለፈው ውሳኔ 92 ዓርማውም ሆነ ስሙ ያለ ዋና ጸሐፊው ፈቃድ፣ በተለይም ለንግድ፣ እንዳይውል አባል መንግሥታት በሕግ እንዲከላከሉ አሳስቧል። ጉዳዩ ግን ከሕግ በላይ ነው። ስሙ ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለምና።

የዚህን ስም ዋጋ ለማወቅ እውነተኛውን የተባበሩት መንግሥታት ስኳድሮን ማስታወስ ግድ ይላል። እንዲህ ያለ ስኳድሮን በታሪክ ውስጥ በርግጥ ነበረ፤ ከአባሎቹም ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ኮንጎ በ1960 ነጻ በወጣች በቀናት ውስጥ በማዕድን ሀብትዋ የታወቀችው የካታንጋ ክፍለ ሀገር በሞይስ ቾምቤ መሪነት ተገነጠለች። የመገንጠሉ ክንድ የነበሩት ከአውሮፓና ከደቡባዊ አፍሪካ የተመለመሉ ቅጥረኞች ናቸው። የጸጥታው ምክር ቤት በየካቲት 1961 ባሳለፈው ውሳኔ 161 የውጭ ወታደሮችና ቅጥረኞች ከኮንጎ እንዲወጡ አዘዘ። በዚያው ዓመት መስከረም፣ በውጭ ቅጥረኞች የሚበር አንድ ፉጋ ማጂስተር ጄት የድርጅቱን ወታደሮች ያለ ከልካይ ደበደበ፤ ያዶትቪል በተባለችው ከተማ የተከበቡት የአየርላንድ ወታደሮችም ከድብደባው አላመለጡም። ድርጅቱ ያን ጊዜ አንድም ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረውም። በዚሁ ሰሞን፣ ከሴፕቴምበር 17 ለ18 አጥቢያ፣ ዋና ጸሐፊው ዳግ ሐመርሾልድ ለተኩስ አቁም ድርድር ሲጓዙ ንዶላ አጠገብ አውሮፕላናቸው ወድቆ ሞቱ። ጉዳዩን እንዲመረምሩ በድርጅቱ የተሠየሙት ታንዛኒያዊው ዳኛ መሐመድ ቻንዴ ኦትማን በ2017 ባቀረቡት ዘገባ ከውጭ የተሰነዘረ ጥቃት ወይም ማስፈራሪያ ለአደጋው ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል።

ድርጅቱ የራሱን የአየር ኃይል ያሰለፈው ከዚህ መራራ ትምህርት በኋላ ነው። በጥቅምት 1961 የስዊድን ተዋጊ ጄቶች፣ የሕንድ ካንቤራ ቦምብ ጣዮችና 4 የኢትዮጵያ ኤፍ-86 ሴበር ተዋጊዎች በድርጅቱ ሥር ኮንጎ ገቡ። በኖቬምበር 24 ቀን የወጣው ውሳኔ 169 ደግሞ ዋና ጸሐፊው ቅጥረኞችን ለመያዝና ለማባረር አስፈላጊ ከሆነ በኃይል እንዲጠቀሙ ሥልጣን ሰጠ። የካታንጋ መገንጠል በጥር 1963 አከተመ። እንግዲህ «የተባበሩት መንግሥታት ስኳድሮን» የሚለው ስም በዓለም ላይ ትርጉም ካገኘ ትርጉሙ ይህ ነው፤ የአንዲትን አፍሪካዊት አገር አንድነት ከቅጥረኞች ለመከላከል የተላኩ አብራሪዎች። በዚያ ሰማይ ላይ ቅጥረኛው በፉጋው ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ የድርጅቱን ስም የያዘው ከፊቱ የቆመው አብራሪ ነው። ጨዋታው ሁለቱን ቦታ አለዋወጣቸው።

የዘመኑ መገጣጠም ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቅጥረኝነትን ከአፍሪካ ለማጥፋት በ1977 በሊበርቪል የተቀበለው ስምምነት በ1985 ሥራ ላይ ውሏል። ጨዋታው በወጣበት በ1989፣ ዲሴምበር 4 ቀን፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቅጥረኞችን መመልመልን፣ በእነርሱ መጠቀምን፣ በገንዘብ መደገፍንና ማሠልጠንን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀ። በዚያው ወር በኮሞሮስ ደሴቶች ቦብ ዴናር የተባለው ፈረንሳዊ ቅጥረኛ ከነጓዶቹ አገር ለቆ ሲወጣ ዓለም ይመለከት ነበር። ዴናር ወጣት ሳለ በካታንጋ የተዋጋ፣ በ1978 በኮሞሮስ መንግሥት የገለበጠ፣ ከዚያም ፕሬዝዳንቱን አህመድ አብደላን ይጠብቅ የነበረውን ዘብ ሲመራ የኖረ ሰው ነው። ፕሬዝዳንቱ በኖቬምበር 1989 ተገድለዋል። ቅጥረኛ ማለት በአፍሪካ ይህ ነው። የኮንጎም፣ የኮሞሮስም ልጆች ቅጥረኛን የሚያውቁት ከመስታወት ላይ አይደለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ጉባኤው ቅጥረኛን ወንጀለኛ ሲል ገበያው ያንኑ ቅጥረኛ በጉባኤው ስም ጀግና አደረገው።

ኢትዮጵያዊ መምህርና ከያኒ በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም እንዳይል የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለ። በዚህች አገር የጦር አውሮፕላን ከጎን አልታየም፤ የታየው ከታች ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገበት ሆስፒታል እንኳ አልዳነም። ምልክትን የማያከብር ጦርነት ምን እንደሚመስል የዚያ ዘመን ሰዎች ያውቁታል። በሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ላይ በገበያ ቀን ቦምብ የጣሉት አውሮፕላኖች ደግሞ የባዕድ አልነበሩም፤ የገዛ አገር መንግሥት የላካቸው ናቸው። ከመስታወቱ ግርጌ ያለችው ቀጭን ምድር በኢትዮጵያ ስም አላት፤ ሰውም አለባት። አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠውም ሰው ቢሆን በሳንቲም ተመልሶ አይነሣም። ሺን ካዛማ የሚያበራው ኤፍ-20 የኤፍ-5 ዝርያ ነው። የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴንን ሲወር በኤፍ-5 ከተፋለሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ከተማረኩ በኋላ 11 ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ቤት ማቅቀዋል። በጨዋታው ውስጥ የተመታ አብራሪ ሌላ ሳንቲም ይጠብቃል። በሕይወት ውስጥ የተመታ አብራሪ 11 ክረምት ይቆጥራል።

«ይህ ሁሉ ክርክር ለአንድ ጨዋታ ነውን?» የሚል ተቃዋሚ አይጠፋም። ጨዋታን ከቁም ነገር ውጭ የሚያደርገው ይህ አስተያየት የኢትዮጵያን ሕዝብ ባሕል አለማወቅ ነው። የገና ጨዋታ በሚካሄድበት ሜዳ ሎሌ ጌታውን ቢመታ ጌታ እንዳይቆጣ ባሕሉ ይደነግጋል። የባላባት ሥርዓት በጸናበት ዘመን የማዕረግ ግድግዳ ለአንድ ቀን የሚፈርሰው በጨዋታ ነበር። በገበጣ እረኛው መቁጠርን፣ መገመትን፣ የባላጋራን ሐሳብ ማንበብን ይማራል። ሕዝቡ ጨዋታን ባዶ አድርጎት አያውቅም። ባዶ ያደረገው ሸቀጥነት ነው። ለልጅ እጅ የተሰጠ መጫወቻ ሁሉ ዓለም እንዴት እንደምትሠራ የሚነግር ትምህርት ነው፤ መምህሩ ከክፍል ውጭ መሆኑ ትምህርቱን አያስቀረውም።

ሌላው ወገን ደግሞ በተቃራኒው ጠርዝ ይቆማል። የቪዲዮ ጨዋታ በጅምላ መርዝ ነው፣ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ይዘጉ፣ ልጆች ይከልከሉ ይላል። ይህ አቋም ከመጀመሪያው የተሻለ አይደለም። አንድን ሥራ ሳያዩ ማውገዝ ሳያዩ እንደ ማወደስ ያለ ስንፍና ነው። «ኤሪያ 88»ን በጥሞና የተመለከተ ሰው ክፉው ነገር ተኩሱ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። ሺንታኒም ተኩስ ሥሏል፤ ግን እያንዳንዱን ተኩስ ባለዕዳ አድርጎታል። ጥፋቱ ዕዳው ከተኩሱ መነጠሉ ነው። ይህን ልዩነት የሚያይ ዓይን የሚሠራው በትችት እንጂ በቁልፍ አይደለም። የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይጫወታል፤ መጠየቅ የተማረ ልጅ ግን እየተጫወተ «ይህን ሚሳይል የሸጠልኝ ለወዲያኛውስ ምን ሸጦለት ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል።

«ስሙ ማሻሻጫ ብቻ ነው፤ ማንም ከልቡ አልወሰደውም» የሚለው የመጨረሻው መከላከያ ከሁሉም የደከመ ነው። ማሻሻጫ ከሆነ፣ ስሙ የሚያሻሽጥ ክብር ነበረው ማለት ነው። ያን ክብር ያጠራቀሙት በኮንጎ የሞቱት ወታደሮች፣ ንዶላ አጠገብ የወደቀው ዋና ጸሐፊ፣ ከአገራቸው ርቀው የበረሩት የ4ቱ ሴበሮች አብራሪዎች ናቸው። ነጋዴው ያልዘራውን አጨደ። ከልቡ የወሰደው የለም መባሉም ሐሰት ነው፤ ሳንቲሙን ጨምሮ ዱላውን የጨበጠው ልጅ ስለ ተባበሩት መንግሥታት ምናልባት ከሌላ ቦታ ከመስማቱ በፊት ስሙን ያነበበው ከሚሳይል መደርደሪያ አጠገብ ነው።

ታዲያ ምን መደረግ አለበት? መምህሩ ስለ ኮንጎ ዘመቻ ሲያስተምር ተማሪዎቹ በመስታወት ላይ የሚያውቁትን ስኳድሮን ከእውነተኛው ጋር ጎን ለጎን እንዲያስቀምጡ ያድርግ፤ ማን ለማን ተዋጋ፣ ማን ከፈለ፣ ማን አተረፈ ብለው ይጠይቁ። ካድሬው ስለ ወጣቱ መዝናኛ ከመፍረዱ በፊት አንድ ቀን ከወጣቱ ጎን ተቀምጦ ይመልከት። ከያኒው ደግሞ ከፍተኛው ኃላፊነት አለበት። የኢትዮጵያ ወጣት ባለሙያዎች ከአሳዳጅዋ የምታመልጥ ዶሮን ታሪክ ይዘው «ኩኩሉ» የተባለውን ጨዋታ ለስልክ ማዘጋጀታቸው መንገዱ ክፍት መሆኑን ያሳያል። በዚያ ጨዋታ ውስጥም ዓለም ሳታቋርጥ ትሮጣለች፤ ተጫዋቹ ያለው ግን ከሚሸሸው ወገን ነው። ቅርጹ የነጋዴ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ይህ ይበቃል። ወደ ፊት የሚገፋው መስታወት የሰውን ልጅ ዕዳም ሊሸከም ይችላል፤ የተመታው ነገር በግራ ጠርዝ ተሰውሮ እንዳይቀር፣ ተመልሶ እንዲታይ የሚያደርግ ጨዋታ ሊሠራ ይችላል።

የ4ቱ ሴበሮች ታሪክ ሥዕል፣ ተውኔት፣ ልቦለድ፣ ጨዋታም እንዲሆን የሚጠብቅ ጥሬ ሀብት ነው። ባለቤቶቹ ካልሠሩበት ሌላው እንደ ፈለገ ስም ያወጣለታል። ስምን መልአክ የሚያወጣው የልጁን ማንነት የሚያውቅ ወላጅ ባለበት ቤት ነው፤ ወላጁ ዝም ባለበት ቤት ስም የሚያወጣው ባለሱቁ ይሆናል።